ከቢርቢሳ ሸንጎ የቀሩት ሁለቱ

ቂርቆስ፣ አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 12 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለግራዝማች አምኃ፣ ቢርቢሳ።

እንደምን ከርመዋል? ቤተ ሰብዎ ደህና ናቸው? እኔ በሕይወት አለሁ።

ከእኔ ደብዳቤ ሲደርስዎ እንደሚገርምዎ አውቃለሁ። እርስዎና እኔ በሸንጎው ውስጥ ከክርክር በቀር ሌላ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። ነገር ግን ነጋዴው ጅብሪል ቡናውን አራግፎ ሊጠይቀኝ ሲመጣ፣ «ግራዝማች የት እንደምታድር፣ ከተወሰዳችሁትስ ማን እንደተረፈ ጠይቅልኝ ብለውኛል» አለኝ። ከአገር ሰው የጠየቀኝ እርስዎ ብቻ ስለሆኑ የምጽፈውም ለእርስዎ ነው።

ጣሊያኖቹ ሸንጎውን ዘግተው በካሚዮን ሲጭኑን እርስዎ ቆመው ያዩ ነበር። እናንተን ነፍጠኞቹን በየቤታችሁ ትተው እኛን ባላገሮቹን ብቻ ለምን እንደወሰዱን ያን ጊዜ አልገባኝም፤ ዛሬም አልገባኝም። ሽማግሌው ጉተማ እዚህ እንደደረስን እስር ቤት ውስጥ ታሞ ሞተ። የት እንደተቀበረ የሚነግረኝ አጣሁ። ጉርሜሳ ጣሊያኖቹ የሚሉትን ሁሉ እሺ ብሎ ወጣ፤ ወደ ጅማ ሄዷል ይባላል። ሌሎቹን ወዴት እንደበተኗቸው አላውቅም። እኔን ከከተማው እንዳልወጣ፣ በየሳምንቱም ጣቢያ ቀርቤ ፊቴን እንዳሳይ አዘው ለቀቁኝ።

የምኖረው ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ወይዘሮ ትበርህ ከሚባሉ ሴት ቤት ነው። ባላቸው በዚያ በየካቲቱ እልቂት ከቤት እንደወጡ አልተመለሱም። ሴትዮዋ ብዙ አይናገሩም። እኔም አልናገርም። ማታ ማታ የለገሃር ባቡር ሲጮህ ሁለታችንም ቀና እንልና መልሰን እናቀረቅራለን። ጨዋታችን ይኸው ነው።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ባለቤቴ ቡዜ ማንበብም መጻፍም አትችልም። በእኛ መንደር ያሉት ፊደል የቆጠሩ ሁሉ ከእኔ ጋር ተጭነዋል። ወንዙን መሻገር የማይከብድዎ ከሆነ፣ ደህና መሆኗን ብቻ አይተው ይጻፉልኝ። ያስቀየምኩዎ ነገር ቢኖር ለዛሬ ይተዉልኝ።

ያደታ

---

ቢርቢሳ
የካቲት 20 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለአቶ ያደታ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። የጉተማን ሞት ለቤተ ሰቦቹ ያረዳሁ እኔ ነኝ። እርስዎ እንዳረዳ አላዘዙኝም፤ ነገር ግን ሰው ሞቶ ዝም አይባልም።

ወንዙን ተሻግሬያለሁ። ሠላሳ ዓመት እዚህ አገር ስኖር ወደ እናንተ መንደር ያለ ጠመንጃና ያለ አጃቢ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው። ውሻዎ ጥሩ ውሻ ነው፤ ነጠላዬን ቀዶታል። ባለቤትዎ ከአጥሩ ውስጥ ሆነው፣ «ግራዝማች፣ ምን ጠፍቶብዎት ነው?» አሉኝ።

«ምንም አልጠፋብኝም። ባልሽ ደህና መሆንሽን እይ ብሎኝ ነው» አልኳቸው።

«አዩኝ እንግዲህ» ብለው ወደ ቤት ገቡ።

ይህን ለመስማት ከሆነ የላኩኝ፣ ደህና ናቸው። በሳምንቱ ደብዳቤዎን ይዤ ተመለስኩ። ያን ጊዜ በር ከፍተው በርጩማ ሰጡኝ። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። አንዳንዱን ቃል በኦሮምኛ ስተረጉም እየሳቁ ያርሙኝ ነበር። ሸንጎ ውስጥ አስተርጓሚ ይቁምልኝ ስል እርስዎ «ሠላሳ ዓመት ኖረው ቋንቋችንን እንዴት አልለመዱም?» ያሉኝ ትዝ አለኝና ተናደድኩ።

ስለ ጤናቸው ለጠየቁት ይኸው ነው። የቀረውን እሳቸው ሲፈልጉ ይነግሩዎታል። እኔ የታዘዝኩትን ብቻ እጽፋለሁ።

የሸንጎው ቤት የጣሊያን በቅሎ ያድርበታል። አግዳሚ ወንበሮቻችንን ለማገዶ ፈልጠዋቸዋል። በዚያ በኩል ሳልፍ ፊቴን አዙሬ ነው።

በከተማው ምን እየሠሩ እንደሚኖሩ አልጻፉም። ጣሊያንስ ከእርስዎ የሚፈልገው ምንድን ነው? ሰውን በከንቱ አይቀልብም።

አምኃ

---

ቂርቆስ
ግንቦት 8 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለግራዝማች አምኃ፣

ስለ ነጠላዎ ይቅር ይበሉኝ። ውሻው እኔንም በልጅነቱ ነክሶኛል።

ምን እንደምሠራ ሆን ብዬ ነው ያልጻፍኩልዎ። ድንጋይ እሸከማለሁ። ከቂርቆስ ወደ ሰሜን ከፍ ብሎ ለጣሊያን ሹማምንት መኖሪያ ቤት ይሠራል፤ ረድፍ ረድፉን፣ አንዱ ከአንዱ አይለይም። የቤቶቹን የጣሊያንኛ ስም ሠራተኛው በአፉ አጣሞ «ካዛንቺስ» ይለዋል። በሸንጎ ቆሜ ስለ ምድራችን የተናገርኩ ሰው ዛሬ ለገዢዎቻችን ቤት ድንጋይ አቀብላለሁ። ይህን ለቡዜ አያንብቡላት።

ጣሊያን ምን ይፈልጋል ብለው ነበር። አሁን አውቄዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ላይ ጠርተው ሠርተን ከጨረስናቸው ቤቶች ወደ አንዱ አስገቡኝ። አንድ ካፒቴን ተቀምጧል። ለተሚካኤል የሚባል አስተርጓሚ አጠገቡ ቆሟል።

«ሸንጎው እንዴት ተጀመረ?» አለኝ።

እንዲህ ብዬ ነገርኩት። የቢርቢሳ ሜዳ ከጥንት ጀምሮ የምሥራቁ ገዥም የእኔ ነው የሚለው፣ የምዕራቡ ገዥም የእኔ ነው የሚለው ምድር ነው። ለሁለቱም ግብር ከፍለናል፤ ሁለቱም ዘምተውብናል። በ1928 ክረምት ንጉሡ ከአገር ወጥተው የሁለቱም ገዥዎች ወታደር ሲበተን፣ ሜዳው ያለ ጌታ ቀረ። በገበያ ላይ ጠብ ተነሣ፤ ከነፍጠኛውም ከባላገሩም ሰው ሞተ። ሁለቱ ሬሳዎች በአንድ መንገድ ሲመጡ ለቀስተኛው ተገናኘ። አንዱ አንዱን ይጨርሳል ስንል ጉተማ መሐል ገብቶ፣ «ከዚህ በኋላ የሚገዛን የለም። ወይ እንነጋገር፣ ወይ እንተላለቅ» አለ። በማግስቱ በተማሪ ቤቱ ተሰበሰብን። እኩል እኩል ሰው መረጥን። እናንተ በግራ፣ እኛ በቀኝ ተቀመጥን። የሚነገረው ሁሉ በሁለቱም ቋንቋ እንዲነገር ወሰንን። ከዓመት በላይ በሜዳው ላይ ጥይት አልተተኮሰም።

ካፒቴኑ ሰምቶ ሲያበቃ እንዲህ አለ፦ «ነፍጠኞቹ አታለዋችኋል። ሜዳው የአንተ ወገን ብቻ ነው። ይህንኑ በቢርቢሳ ገበያ ቆመህ ተናገር። ‘ሸንጎው የነፍጠኛ ተንኮል ነበር፤ ራሳችን አፍርሰነዋል’ በል። እነሱን ከሜዳው እናስወጣቸዋለን። አንተ ባላባት ትሆናለህ። ከሚስትህ ጋር ትኖራለህ።»

ለእናንተ ሲሉ እንዳልተዉአችሁ አሁን ገባኝ። በእኛ አፍ ሊያባርሯችሁ ኖሯል።

እስከ ክረምቱ መውጫ አስብበት ብለውኛል። ግራዝማች፣ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርዎ። ያን ዕለት እምቢ አላልኩም። ዝም ብዬ ነው የወጣሁት። ቡዜን ማየት እፈልጋለሁ።

ያደታ

---

ቢርቢሳ
ሰኔ 3 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለያደታ፣

ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋው ጅብሪልን አስቸኩዬ ነው ይህን የምጽፍልህ። «አንተ» ማለቴ አይክፋህ። ልጄ ልትሆን የምትችል ሰው ነህ፤ ሚስትህም ቤት እንደ ዘመድ እገባለሁ። «እርስዎ» ስልህ የነበረው ለማክበር አልነበረም፤ ለማራቅ ነበር።

አስቀድሜ ለካፒቴኑ የነገርከውን ላርም። በለቅሶው ላይ ጉተማ ቢናገርም፣ በተማሪ ቤቱ በመጀመሪያው ቀን ቀድሜ የተናገርኩት እኔ ነኝ። «ንግግራችሁን አሳጥሩ፤ በሁለት ቋንቋ ሲሆን ይመሻል» ያልኩት እኔ ነኝ። ደግሞም ትልቁን ነገር ትተኸዋል። የወንድሜ ልጅ የእናንተን በሬዎች ነድቶ ሲሰርቅ ሸንጎው ፈረደበት። አንተ ለፍርዱ ስትቆም እኔም ቆምኩ። ከእኛ ወገን እኔን የተከተለ አልነበረም። ያን ቀን ወንድሜ ከቤቴ እግሩን አነሣ፤ እስከ ዛሬም አልመጣም። ይህን ለጣሊያን ባትነግረው አይከፋኝም። ግን አንተ እንዳትረሳው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ያሉህን በልና ወደ ቤትህ ና።

እኔ አርጅቻለሁ። ከሜዳው ቢያስወጡኝ የምሄድበት አላጣም፤ ከአባቴ ጋር የመጣሁበት አገር ዘመድ አለኝ። ለእኔ ብለህ በዚያ ከተማ ድንጋይ ስትሸከም መሞት የለብህም። ሸንጎው ሞቷል። ለሬሳ ሲባል ሕያው ሚስት አትተውም።

ቡዜ እንዲህ ልጽፍልህ አላዘዘችኝም። ደብዳቤህን ሳነብላት ጥግ ይዛ ሰማች። «ምን ብዬ ልጻፍለት?» አልኳት። «በሰላም እንዳለሁ ብቻ ይጻፉለት። ሌላ ምንም አይጻፉ። ልቡ የሚለውን ይወስን፤ በእኔ እግር ታስሮ አይወስን» አለች። አስማለችኝ። ስለዚህ የማልጽፍልህ ነገር አለ። ክፉ አይደለም። አትጠይቀኝ።

ልጄ አስቻለች በየጠዋቱ እየተሻገረች ውሃ ትቀዳላታለች። ብቻዋን አይደለችም።

ድንጋይ እንደምትሸከም አልነገርኳትም። እጅህን ግን በቅቤ እሸው።

አምኃ

---

ቂርቆስ
ጥቅምት 14 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለአባቴ ለግራዝማች አምኃ፣

ክረምቱን ሙሉ ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነብ ሰነበትኩ። የማይጽፉልኝ ነገር ምን ይሆን እያልኩ መቼም ያላሰብኩት የለም። ታማ ነው? ሌላ ሰው አግብታ ነው? «ክፉ አይደለም» ያሉትን ይዤ እተኛለሁ። ሌሊቱ ሲረዝም ግን እሱንም መጠራጠር እጀምራለሁ።

የካፒቴኑን ነገር ለወይዘሮ ትበርህ ነግሬአቸው ነበር፤ አንድ ቀን ጣሪያው ሲያፈስብኝ ገብተው ድስት ደቀኑልኝና፣ «ለምን ያሉህን ብለህ አትሄድም? እኔ ባሌ እንዲመለስ የሚጠይቁኝ ነገር ቢኖር ሁሉንም እሰጥ ነበር» አሉኝ። ወዲያው መለስ አሉና፣ «እሱ ግን በዚያ ዋጋ መመለሱን ቢያውቅ ፊቴን አያየውም ነበር» ብለው ወጡ። ከገባሁ ጀምሮ ይህን ያህል ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

መስቀል ካለፈ በኋላ ካፒቴኑ አስጠራኝ። «እህ፣ ወሰንክ?» አለ።

እንዲህ አልኩት፦ «ግራዝማች አምኃን አልወደውም። ያስቸግራል፤ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ እጁን ያነሣል። ግን ፊቴ ቆሞ ሲከራከረኝ ያታለለኝ ቀን የለም። ሸንጎውን የመረጠው የሜዳው ሰው ነው፤ እኔ ብቻዬን ላፈርሰው አልችልም። እናንተ ናችሁ ያፈረሳችሁት። ያፈረሰ ሰው አፈረስኩ ይበል።»

ለተሚካኤል ለካፒቴኑ አንዲት አጭር ቃል ተናገረ። ስወጣ በበሩ ላይ፣ «ያን ሁሉ እንዴት በአንድ ቃል ተረጎምከው?» አልኩት።

«አይፈልግም ነው ያልኩት» አለኝ። «የቀረውን ብተረጉምለት ዛሬ ወደ ቤትህ አትገባም ነበር።»

ከከተማው ፈጽሞ እንዳልወጣ ተፈርዶብኛል። ማብቂያ ቀን የለውም። ብርቱ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ነበር፤ ቤቴ ገብቼ ግን አለቀስኩ። ለቡዜ ይንገሯት። እንዳለቀስኩም ይንገሯት።

«አልወደውም» ማለቴ ድሮ ነው።

ያደታ

---

ቢርቢሳ
ታኅሣሥ 2 ቀን 1931 ዓ.ም.

ልጄ ያደታ፣

እንግዲህ መሐላዬ ወረደልኝ። ወስነሃልና ልንገርህ።

ሴት ልጅ ተወልዳልሃለች። አንተን በካሚዮን ሲወስዱህ ቡዜ አርግዛ ነበር፤ እሷም ገና አላወቀችም። ከዚያ በፊት የሞቱባችሁን ሕፃናት እያሰበች ፈራች፤ በኋላም ልጅ አለህ ብትልህ ለልጅህ ስትል የማትፈልገውን ትናገራለህ ብላ ፈራች። የተወለደችው ሰኔን ጨርሰን ሐምሌ ስንገባ ነው፤ ወንዙ ሞልቶ ነበር። አስቻለች እዚያው አድራ አዋለደቻት። ስሟን እናቷ ደራርቱ ብላታለች። ግንባርዋ አንተ ነህ። ስትቆጣም አንተ ነህ።

ሌላውን ደግሞ ስማ። አንተ እምቢ በማለትህ እኛን ነፍጠኞቹን ከሜዳው ማስወጣቱ ለጊዜው ቀርቷል። በባላገሩ ስም ቢናገር የሚታመንላቸው ሰው አላገኙም። በዚህ ተናደው ሜዳውን ለሁለት ከፈሉት። ወንዙ የሁለት ግዛት ድንበር ሆኗል ተባለ። ያለ ፈቃድ የሚሻገር ይታሰራል። ከእኛ ሰዎች አንዱን ሲሻገር በጥይት መቱት። እኔ እንግዲህ በዚህ ማዶ ነኝ፤ ቡዜ በዚያ ማዶ።

እሑድ እሑድ ወደ ወንዙ እወርዳለሁ። እሷም ትወርዳለች። የውሃው ድምፅ ስለሚበረታ አንሰማማም። ልጅቱን ወደ ላይ ከፍ አድርጋ ታሳየኛለች፤ እኔም ባርኔጣዬን አነሣላታለሁ። ከዚያ እንመለሳለን። ደብዳቤህን የማነብላት መንገድ የለኝም። ጅብሪልም በዚህ በኩል እንዳያልፍ ታግዷል፤ ይህ የመጨረሻው ሳይሆን አይቀርም።

«ና» ያልኩህን ትቼዋለሁ። ልክ አልነበርኩም።

አምኃ

---

ቂርቆስ
የካቲት 1931 ዓ.ም.

አባቴ፣

ይህ ይድረስዎ አይድረስዎ አላውቅም። ጅብሪል እስከሚደርስበት ድረስ ይዞት ይሄዳል።

ለወይዘሮ ትበርህ ነገርኳቸው። እልል አሉ። ጎረቤት የመጣ ሐዘን መስሎት ሮጦ መጣ፤ በዚህ ሰፈር እልልታ ከተሰማ ቆይቷል።

ደራርቱ። ስሙን ድንጋይ እያቀበልኩ እደጋግመዋለሁ። አብሮኝ የሚሠራው ሰው፣ «ማናት?» አለኝ። «ልጄ ናት» አልኩት። «ስንት ዓመቷ ነው?» አለኝ። «አላየኋትም» አልኩት። የያዝኩትን ድንጋይ ከእጄ ተቀበለኝ።

እሑድ ሲወርዱ አንድ ጊዜ ደግሞ በእኔ ፈንታ ባርኔጣዎን ያንሡላት።

ያደታ

---

ቂርቆስ፣ አዲስ አበባ
ነሐሴ 5 ቀን 1933 ዓ.ም.

ልጄ ያደታ፣

ይህን የምጽፍልህ ከማን ቤት እንደሆነ ብታውቅ ትስቃለህ። በወይዘሮ ትበርህ ቤት፣ በአንተ መደብ ላይ ተቀምጬ ነው።

ንጉሡ መመለሳቸውን እንደሰማሁ አንተ ትፈታለህ፤ ሸንጎውን ግን ማን ይጠይቅለታል ብዬ ወደዚህ ገሠገሥኩ። እዚህ ብደርስ አንተ ወጥተሃል። የአንተ ካሚዮን ወደ ምዕራብ፣ የእኔ ወደ ምሥራቅ፣ የሆነ መንገድ ላይ አቧራ ለአቧራ ተላልፈናል። ሦስት ዓመት ሙሉ ላይህ የተመኘሁህ ሰው፣ ፊትህን ሳላይ ቀረሁ።

አቤት ለማለት በየጠዋቱ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት እሄዳለሁ። ነገ ይባላል። በነጋታው ነገ ይባላል። ስመለስ በካዛንቺስ በኩል አልፋለሁ። ጣሊያኖቹ የወጡባቸው ቤቶች ውስጥ አሁን ሌሎች ሹሞች ገብተዋል። የትኛውን ድንጋይ አንተ እንደተሸከምከው አላውቅም፤ ሁሉንም አየሁት።

ከተማ በሰው መሐል እንዲህ ብቻን የሚኮንበት መሆኑን አላውቅም ነበር። አንተ እንዴት ቻልከው? ስለ ልጅህ ጻፍልኝ።

አምኃ

---

ቢርቢሳ
ጥቅምት 9 ቀን 1934 ዓ.ም.

አባቴ ግራዝማች፣

ስለ ልጄ የጠየቁኝን ልመልስ። ስገባ ከእናቷ ቀሚስ ሥር ተደበቀች። «አባትሽ ነው» ስትላት፣ «አይደለም፤ አባባ ባርኔጣ አለው» አለች። ቡዜ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅሁም። አሁን ትንሽ በትንሽ ለምዳኛለች። ማታ ግን «ያኛው ሰውዬ መቼ ይመጣል?» እያለች ትጠይቀኛለች። እኔም ያንኑ ልጠይቅዎ።

አስቻለች ደህና ናት፤ በየቀኑ ትሻገራለች። ወንድምዎም ቤትዎን እየጠበቁልዎ ነው።

የሸንጎው ቤት ጣሪያው ወድቋል። ባለፈው ቅዳሜ የሁለቱም ማዶ ሰዎች የግጦሹን ነገር ለመነጋገር ሜዳው ላይ ተሰበሰብን። ማንም አልጠራንም፤ ሰው ራሱ መጣ። እኔ የላይኛው ግጦሽ ለእኛ ማዶ፣ የታችኛው ለእናንተ ማዶ ይሁን ብዬ አሳብ አቀረብኩ። ሁሉም እሺ አለ። ከእናንተም ወገን አንድ የተቃወመ የለም፤ የታሰርኩላቸው ስለመሰላቸው አፍረው ዝም አሉ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ ልክ ያልሆነ መሰለኝ፤ የቱ ጋ እንደሆነ ግን አልታየኝም። በሚቀጥለው ቅዳሜ አጽድቀነው እንለያያለን።

ያደታ

---

ቂርቆስ
ኅዳር 1 ቀን 1934 ዓ.ም.

ልጄ፣

ደብዳቤህን ጅብሪል ያመጣልኝ ቅዳሜያችሁ ካለፈ በኋላ ነው። ግድ የለም፤ የጸደቀም ቢሆን ይነሣ።

አስቀድሜ የእኔን ልጨርስ። ትናንት ወደ ውስጥ አስገቡኝ። ጸሐፊው ወጣት ነው፤ ክፉ ልጅ አይደለም። «የሚሉት ሸንጎ በመንግሥት አልታወቀም» አለኝ።

«ጣሊያን እኮ ነው ያፈረሰው» አልኩት።

«ያልነበረ ነገር አይፈርስም፣ ግራዝማች» አለኝ። ሜዳው በወንዙ ልክ ለሁለት አውራጃ ተከፍሎ እንደሚቀርም ነገረኝ። ጣሊያን ያሰመረውን መስመር እንዳለ ትተውታል። በቃ፤ ጉዳያችን ይህ ሆኗል። ጠላት አፈረሰው፤ ወገን አልነበረም አለው። የቱ እንደሚብስ ሌሊቱን ሳስብ አድሬ አልለየሁትም። ወይዘሮ ትበርህ ሻይ አፍልተው አጠገቤ ተቀመጡ። እሳቸውም የባላቸውን ስም ከየካቲቱ ሟቾች ጋር የሚመዘግብላቸው እንዳጡ ነገሩኝ።

አሁን ወደ ግጦሹ። ልክ ያልሆነው የቱ ጋ እንደሆነ ልንገርህ። የላይኛው ግጦሽ በበጋ ውሃ የለውም። የአንተ ሰዎች ከብት በየካቲት ይጠማል፤ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጠቡ እንደገና ይነሣል። አንተ ለእኛ ልታዳላ ስትል ወገኖችህን ጎዳሃቸው፤ የእኛዎቹ ደግሞ አፍረው ዝም አሉህ። ሁለቱም ሞኝነት ነው። ግጦሹ በየወሩ በመፈራረቅ እንጂ በመከፈል አይሆንም። ስለዚህ እኔ አምኃ ውሳኔውን እቃወማለሁ። እኔ ሳልደርስ አንድም ከብት እንዳይሰማራበት።

ይህን ደብዳቤ ዛሬ በሚነሣ ነጋዴ እጅ አስቀድሜ ልኬልሃለሁ፤ ጅብሪል ጨው ጭኖ ሰኞ ይነሣል። ከጆንያው ላይ ቦታ ሰጥቶኛል። መልስ አትጻፍልኝ፤ እዚህ አልገኝም።

አምኃ